መቶው ሊሞላ ሲል የተነሣ ሰው

ሰዎቹን ከማየቴ በፊት ድምፁን አወቅኩት። ጠፍጣፋ እንጨት ጠንካራ ኳስ በደንብ ሲያገኛት የሚወጣው ድምፅ ደረቅና አጭር ነው፤ ቷ ይልና ያበቃል። ማስክ ገና ከፊታችን ሙሉ በሙሉ ባልወረደበት በዚያ ዓመት፣ ከኢድ ቀጥሎ በነበረው እሁድ፣ መስጊዳችን ሰው አዳራሽ ውስጥ ከሚተፋፈግ ሜዳ ይሻላል ብሎ ጀመዓውን በሙሉ ኮሎምበስ ዳር ወዳለ አንድ ፓርክ ጠርቶ ነበር። ከወሎና ከአዲስ አበባ የመጣነው አንድ ጥላ ሥር፣ ሕንዶቹ፣ ፓኪስታኖቹና ባንግላዴሾቹ ሌላ ጥላ ሥር፣ ሶማሌዎቹ በመሀል ነበርን። ልጄ ሰሚራ ኢስተን ካለው ሆቴል ሺፍቷን ጨርሳ በቀጥታ መጥታ ፍሙን ታራግባለች። "አባ፣ ሩቅ እንዳትሄድ፤ ፉዱ ኦልሞስት ደርሷል" አለችኝ። እሺ ብዬ ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ።

ከዛፎቹ ማዶ ክሪኬት ይጫወታሉ። ከእኛ ልጆች ሁለት ሦስቱ ዳር ቆመው ይተቻሉ።

"ጋሼ ኑሩ፣ ይሄ ገና ነው እንዴ?" አለኝ አንዱ። ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ የወረኢሉ ልጅ ነው።

"ክሪኬት ነው።"

"ታዲያ ያ ሰውዬ ከመጣን ጀምሮ አንድ ቦታ ተገትሯል። የሚከፈለው በሰዓት ነው?"

"ሥራው አለመውጣት ነው" አልኩት። ከኋላው ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል፤ ወርዋሪው በኳስ ሊያገኛቸው ይሞክራል፣ መቺው ይከላከላል። አርቆ ከመታ ሮጦ ነጥብ ይይዛል። እንጨቶቹ እስኪመቱበት ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ እስክትቀለብበት ድረስ ቦታው የእሱ ነው። አንዳንዱ ብቻውን መቶ ነጥብ ይሞላል፤ ያን ጊዜ የተቃራኒው ቡድን ደጋፊ ሳይቀር ተነሥቶ ያጨበጭባል።

"መቶ ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"እኔ በማውቀው ጊዜ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ።"

"እንግዲያው ኦቨርታይም አለው በለኛ" ብሎ ጓደኞቹን አሣቃቸው።

ሣቁ ሲበርድ፣ አጠገባችን ታጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አናገረችኝ። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ለቀቅ ያደረገች፣ ጭኗ ላይ የሻይ ፔርሙስ የያዘች ናት። ካወራሁት የገባት "ክሪኬት" የሚለው ብቻ ነው። ጨዋታውን የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። አገሬን ነገርኳት።

"ኢትዮጵያ? አባቴ እዚያ አስተማሪ ነበር። እኔ ሳልወለድ። ዴሲ የሚባል ከተማ።"

"ደሴ" አልኩ። "ስማቸው ማን ነበር?"

"ቁሬሺ። ሒሳብ ነበር የሚያስተምረው።"

ወንበር ፈልጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ላይ ሳለሁ ብዙ ያልጠበቅኩትን ነገር ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ የማደርገው መቀመጥ ነው።

በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የሕንድ መምህር አይጠፋም ነበር። የእኛው ሚስተር ቁሬሺ እስከ አንገታቸው የሚቆለፍ ግራጫ ኮት ነበራቸው፤ ክረምት ከበጋ እሱኑ ይለብሳሉ፣ ጠመኔ ግን አያርፍበትም። ስማቸው ከተማውን ግራ አጋብቶ ነበር። ቁሬሺ የሚለውን የሰሙ እናቶች የነቢዩ ወገን ናቸው ብለው በልጆቻቸው እጅ ዕንቁላልና ማር ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው "ስሜ ብቻ ነው፣ እኔ የዴልሂ ሰው ነኝ" እያሉ ይመልሳሉ፤ የተመለሰው ማር በማግሥቱ በሌላ ልጅ እጅ ይመጣል። ከትምህርት በኋላ ከአናጢ ያስላጉትን ሳንቃ ይዘው ከክፍሎቹ ኋላ ባለው ሜዳ ክሪኬት ያጫውቱናል። ኳሳችን ጨርቅ በቆዳ የተሰፋበት ነበር። አንድ የሚታወቁበት አመታት ነበራቸው፤ አንድ ጉልበታቸውን መሬት ያስነኩና እንጨቱን በአግድም ሰደድ አድርገው ኳሷን ጠርገው ወደ ባሕር ዛፎቹ ይልኳታል። እኛ አጨዳ እንለው ነበር። "ዛሬ ሚስተር ሦስት ጊዜ አጨዱ" ብለን ቤት ስንገባ እናቶቻችን መምህሩ እርሻ የገዙ ይመስላቸዋል።

ዓመታት አለፉ፤ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ከሁለቱም ጎራ አይደለንም የሚሉ አገሮች የአንዳቸውን ጋዜጠኛ ሌላቸው ያሠለጥኑ ነበርና ዕጣው ለእኔ ዴልሂ ወጣ። አድራሻቸውን ከድሮ ትምህርት ቤቴ አፈላልጌ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው፤ ያው ግራጫ ኮት፣ ክርኑ ላይ ተጥፎ። "የትኛው ነህ? የኋላ ወንበሩ ነህ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ዕረፍት እነሱ ቤት ነኝ። ባለቤታቸው የሚሠሩት ወጥ ለእንግዳ ተብሎ በርበሬው ይቀነስለት ነበር፤ እኔ የወሎ ልጅ ጨምሩልኝ ስል ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ሰው ሆንኩ። ልጃቸው ናስሪን አሥር ዓመቷ ነበር። ሁለት ጉንጉን፣ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ቀሚስ፣ ማታ ማታ ከአባቷ ጋር ትራንዚስተር ሬዲዮ ላይ የምትደፋ ልጅ። ኑሩ ባሃይ ትለኝ ነበር፤ ወንድም ኑሩ ማለት ነው።

ያቺን የዴልሂ ሰፈር አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እሄድባታለሁ። ሻይ በሸክላ ኩባያ ሃምሳ ፓይሳ፣ ግማሽ ሩፒ፣ ነበር፤ ጠጥተህ ኩባያውን መሬት ላይ ትሰብረዋለህ፣ ሰባራው እግርህ ሥር ይንኮሻኮሻል። የወጣቱ ሱሪ ከታች ጫማውን ይውጠዋል፤ የሸሚዙ ኮሌታ እስከ ትከሻው ይደርሳል። እኔም አሰፍቼ ነበር፤ ፎቶግራፉን ሰሚራ አይታ "አባ፣ ይሄ ኮስትዩም ነው?" ብላኛለች። ከፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ የሴት ቀጭን ድምፅ ይዘፍናል፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ሌላ ዘፈን፣ ከጣፋጭ ሻጩ ሌላ። ክሪኬት የጀመረ ቀን ግን ዘፈኑ ሁሉ ይቆምና መንገዱ በአንድ የጨዋታ ዘጋቢ ድምፅ ይሞላል። ከቤታቸው እስከ ሜዳው ድረስ በእግር ስትሄድ አንድ ኳስ አያመልጥህም፤ አንዱ ሱቅ ያስረክብሃል፣ ሌላው ይቀበልሃል። የማያውቅህ ሰው ሰላም በማለት ፈንታ ስንት ሆነ ይልሃል።

ሜዳው ኮትላ ይባላል። ብዙ አገሮች የመጡበት፣ ስሙ በክሪኬት ዓለም የታወቀ ሜዳ ነው። አጥሩን ተጠግቶ የፈራረሰ የጥንት ምሽግ አለ፣ በውስጡም አሮጌ መስጊድ። ሐሙስ ሐሙስ ሰዎች ሻማ እየለኮሱ ለጂኖቹ ማመልከቻ ያስገቡበታል። አብረውኝ የሚሠለጥኑት የውጭ ጋዜጠኞች ተገርመው አንድ ገጽ ጽፈውበታል። እኔ የወሎ ሰው ነኝና ብዙም አልገረመኝም። ሚስተር ቁሬሺ በዚያ ሜዳ መቶ የሞሉትን እንደ ዘመድ ነበር የሚያነሷቸው። ትኩሳት ይዞት መቶ የሞላው፤ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣውና ባለአገሩን ሁሉ ያስጨበጨበው ረጅሙ ጥቁር ሰው፤ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ወጥቶ ያለቀሰው፣ እሱን ከሞሉት ይልቅ አብልጠው ያነሡታል። ሁሉንም ማጣራት አልቻልኩም፤ እሳቸው እንደነገሩኝ ነው የምጽፈው።

"ኑሩ ባሃይ" አለችኝ ናስሪን፤ ይህችኛዋ ባለ ፔርሙሷ፣ የኮሎምበሷ ናስሪን ናት። ማስኳን አውርዳ ፊቴን ስታጠና ቆይታ ነበር። "አንተ ነህ። ያን ቀን አብረኸው የሄድከው አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ።"

ሻይ ቀዳችልኝ። ሜዳው ላይ የሚጫወተው የልጇ ቡድን ነው፤ ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ግን ወደ ሜዳው አላየችም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለባሌም ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። ያን ቀን ጠዋት ደጃፉ ላይ አስምዬዋለሁ፤ መቶው እስኪሞላ ከወንበርህ ንቅንቅ አትልም ብዬ። ታስታውሳለህ?"

አስታውሳለሁ። ጨዋታው አምስት ቀን የሚፈጅ ነበር፤ አጭሩ የአገሩ መቺ ሰማንያ ምናምን ላይ ሳይወጣ አድሯል። የዚያ አገር ሰው መቺው ወደ መቶ ሲቀርብ ከቦታው አይንቀሳቀስም። የቆመ እንደቆመ፣ እግሩን ያነባበረ እንዳነባበረ ይቀራል፤ ከተነቃነቀ ሰውየው ይወጣል ተብሎ ይታመናል። ፕሮፌሰሩም ሾፌሩም ያው ነው። ሚስተር ቁሬሺ በሒሳብ ውድቅ መሆኑን ሰሌዳ ላይ ሊያስረዱህ ይችላሉ፤ ከዚያ ግን እንደ ሰዉ ሁሉ ደርቀው ይቀመጣሉ። ልጅቷ የአባቷን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነበር ያስማለቻቸው። እሷ ቤት ሆና በሬዲዮ ትከታተላለች፤ እሳቸው ደግሞ መቶውን ይዘውላት ይመጣሉ።

"ሜዳ ላይ አሞት ነበር?" አለችኝ።

"አዎ፣ ደረታቸውን።"

ዓይኗን ጨፈነች። "ከቀብሩ በኋላ አጎቴ ሲናገር ሰማሁት። ያን ጠዋት ወዲያው ሐኪም ቢያየው ኖሮ ይተርፍ ነበር አለ። ስለ መሐላው አያውቅም። የምናውቀው አባቴ፣ አንተና እኔ ብቻ ነን። መቶው እስኪሞላ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ እኔ ስላማልኩት። አየህ፣ ልጆቼን አንድ ቀን እንኳ ማሉልኝ ብያቸው አላውቅም። ባሌንም።"

ከሜዳው በኩል ጩኸት ተነሣ፤ አንዱ ወጥቷል። የእኛ ልጆች "ኦቨርታይሙ ተቋረጠ!" ብለው ያፏጫሉ። ወዲያው ያልመለስኩላት እውነቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ሚስተር ቁሬሺ በዚያው ቀን አንድ ነገር ለልጃቸው እንዳልናገር አደራ ብለውኛል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። አደራ ብሎ የነገረኝን ሰው ነገር አውጥቼ አላውቅም፤ ሹመኛ ቢሆን፣ እስረኛ ቢሆን። ነገር ግን አደራው የተሰጠኝ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ደስ እንዲላት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ደስ አላላትም።

"ቁጭ ብለው አልጠበቁም" አልኳት።

"ምን ማለትህ ነው? መቶው የሞላበትን አመታት አሳይቶኛል እኮ። ምንጣፉ ላይ፣ በጃንጥላ።"

"ከመቶው በፊት ተነሥተው ወጡ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።"

እንደማስታውሰው ነገርኳት። ዘጠና አራት ይሁን ዘጠና ስድስት እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዘጠናን ማለፉን ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ምክንያቱም በዙሪያችን ያለው ሰው በሙሉ ደርቋል። ከፊታችን አንዲት ሴት ሹራብ ትሠራለች፤ መርፌዎቿን አየር ላይ አቁማቸዋለች። ከጎኔ ያለው ሽማግሌ ብርቱካን ግማሹን ልጦ ግማሹን ሳይልጥ ይዞ ቀርቷል። የነጥብ ሰሌዳውን የብረት ቁጥሮች በእጅ የሚቀይሩት ሰዎች እንኳ የሚቀጥለውን ቁጥር አቅፈው ቆመዋል። ሚስተር ቁሬሺ ክንዴን ያዙኝ። "ኑሩ፣ እንሂድ" አሉ። ፊታቸው አመድ ለብሷል። "ልጄ ትጠብቀኛለች" አሉ፤ ቃላቸው ይኸው ነው። ተነሡ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። "ቁጭ በል! ልታስወጣው ነው? ቁጭ በል!" የማይጮህ የለም። አንዱ የኮታቸውን ጫፍ ይዞ ጎተታቸው። ሌላው እኔን "ይሄ የባዕድ አገር ሰው ነው ያስነሣው!" አለ። እሳቸው በዚያ ሁሉ ሰው ጉልበት መሀል "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያሉ፣ አንድም ጊዜ ወደ ሜዳው ሳይዞሩ ወጡ። መሐላውን ያፈረሱት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ነው።

ናስሪን አፏን በሻሿ ያዘች።

ሰው በሚጭን ብስክሌት፣ በሪክሾ፣ መጀመሪያ ያገኘናት ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ራሱ ትራንዚስተሩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። "ከኮትላ ነው የመጣችሁት? ዘጠና ምናምን ላይ ተነሥታችሁ?" አለ፤ "እንግዲያው መጀመሪያ መታየት ያለበት ጭንቅላታችሁ ነው።" ሚስተር ቁሬሺ ሣቁ። ደረታቸውን አዳመጠ፣ የደም ግፊታቸውን ለካ፣ ጨጓራ ነው ብሎ ኪኒን ሰጣቸው። በዚያን ጊዜ በዚያች ክፍል ከዚህ የተሻለ ማወቂያ አልነበረውም። "እንግዲህ ሐኪም አይቷቸዋል" አልኳት ናስሪንን፤ "ያውም ያን ጠዋት፣ ወዲያው። አጎትሽ ያላወቀው ይህን ነው።" ከዚያ ስንወጣ ነው እኔን አደራ ያሉኝ። "ለናስሪን እንዳትነግራት፤ መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ መቶውን ግን እሰጣታለሁ" አሉ።

ሰጧት። ቤት ስንደርስ ልጅቷ ደጃፉ ላይ እየዘለለች "አየኸው? አየኸው?" ትላለች። ጃንጥላውን ከበሩ ኋላ አነሡ፤ አንድ ጉልበታቸውን ምንጣፉ ላይ አስነኩ፤ ሰደድ አድርገው ጠረጉ። "እንዲህ! ሣሩን እየላሰች እስከ አጥሩ!" እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አያለሁ፤ አመታቱን አውቄዋለሁ። የደሴው አጨዳ ነው። በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ፤ አጭሩ ሰው መቶውን የሞላው ኳሷን በቀስታ ገፋ አድርጎ በሮጣት አንዲት ነጥብ ነበር። ሚስተር ቁሬሺ ሳምንቱን አልጨረሱም፤ ተኝተው ሳሉ አረፉ። እኔም ሥልጠናዬ አልቆ አገሬ ገባሁ።

"እንግዲህ የያዝሽው አመታት" አልኳት፣ "የሌላ ሰው አይደለም። የራሳቸው ነው።"

ሰሚራ ከዛፎቹ ማዶ "አባ! ፉዱ ኢዝ ጌቲንግ ኮልድ!" ትላለች፤ በእጄ ቆይ አልኳት። ናስሪን ስልኳን አወጣችና ቤቷ ላሉት እናቷ ደወለች። ሴትዮዋ ሰማንያን አልፈዋል፤ በሽታውን ፈርተው ከቤት አይወጡም። ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀላችን አስቀመጠችው። ዴልሂ የለመድኩት ኡርዱ ዝጓል፤ ግን ይህን ያህሉን ሰማሁ።

"አሚ፣ አባዬ መቶውን አላየውም ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ እናትየው።

"ታውቂያለሽ?"

"መቶ ያየ ሰው ድምፁ ጠፍቶ ነው ቤት የሚገባው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሳምንት ሙሉ በምልክት ነበር የሚያወሩት። የአባትሽ ድምፅ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ። አባትሽ የሰጠሽን እኔ ልንጠቅሽ?"

ያን ጊዜ ናስሪን ነገረቻቸው፤ እኔን ስለማግኘቷ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ አጎቷ፣ ስለዚያ ሁሉ ዓመት። እናትየው ሳያቋርጡ ሰሙ። መጨረሻ ላይ፣ "አንቺ ልጅ" አሉ፣ "እኔ ሚስቱ አትሂድ ብዬው ነበር፤ ሌሊቱን ሲያቃስት ስላደረ። እኔን ያልሰማ ሰው አንቺን የአሥር ዓመቷን ሊሰማ? ስልኩን ለልጁ ስጭው።" ልጁ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ስልሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ።

"ኑሩ፣ የሜዳውን ጩኸት ሰምቶታል?"

"ሰምተውታል። ሪክሾው ላይ ሳለን ነው መቶው የሞላው።"

"ምን አደረገ?"

ይህን ለናስሪን አልነገርኳትም ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ አመነታሁ፤ ሰው ባዘነበት ሰዓት የሚቀለውን ብቻ መንገር ያምራል። ግን የጠየቁኝ የሆነውን ነው። ጩኸቱ ከኋላችን ሲነሣ ምሽጉ ላይ ያሉት ወፎች ሁሉ ተነሡ። ሚስተር ቁሬሺ ሪክሾ ነጂውን ትከሻውን መታ መታ አድርገው አስቆሙት። አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጩኸቱ እስኪያልቅ ድረስ መንገድ መሀል እንደቆምን አዳመጡ። እንሂድ ስላቸው "ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ" አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር። ይህን እንዲያደርጉ ያስማላቸው ማንም አልነበረም።



"ደረቱን እያመመው?" አሉ እናትየው።

"አዎ።"

"መንገድ ላይ አስቁሞ?"

"አዎ።"

"እብድ!" አሉ ሴትዮዋ። "እብድ ሰው!" ለሞተ ሰው የሚነገር አነጋገር አልነበረም፤ አሁን በር ከፍቶ የገባ ባል ላይ ነበር የሚጮኹት። ናስሪን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ መሣቅ ጀመረች። እናትየው ግን ገና አልጨረሱም፤ ያን ጠዋት ሹራቡን ልበስ ብዬው፣ አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀምጬለት፣ ጥሎት ሄደ እያሉ ይቀጥላሉ።